የደላላው ሁለት ገበያ

ጥር 6
የሰው መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። ማታ አከራያችን መጣ። ልጁን ሊድር ነው። «ክፍሎቹን ለሙሽሮቹ እፈልጋቸዋለሁ፤ ክረምት ሳይገባ ሌላ ፈልጉ።» ባሌ «እንግዲህ ቤት እንግዛ» አለ። ዳቦ እንግዛ እንደሚል ሰው!

ጥር 13
ደላላ አንድ ቤት አሳየን። ባለቤቱ አልነበሩም፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ግቢው ጠባብ፣ መስኮቶቹ ትልልቅ... ልቤ እዚያው ቀረ። ዋጋው ግን! «አይቀንስም?» ስለው እጁን አወናጨፈ። «እህቴ፣ ገበያው እሳት ነው! ሦስት ሰው እየተሻማበት ነው።» ስሙን እሳቱ አልኩት።

ጥር 18
እሳቱ ደወለ። ቤቱ አልተሸጠም። «ለእናንተ ስል ይዤዋለሁ» ይላል። ሦስቱን ሰዎች ምን በላቸው?

ጥር 20
ተንኮል ሠራሁ። አክስቴን ቤት ሻጭ አደረግኋት። የምትሸጠው ቤት ቀርቶ የምትሸጠው ወንበር የላትም! ድምፁን ከፍ አድርጋ በስልኳ ደወለችለት። «ልጄ፣ ቤቴን ልሸጥ ነበር፤ ገበያው እንዴት ነው?» አለች እያቃሰተች። ማቃሰቱ የራሷ ፈጠራ ነው።
«ውይ እማማ! ገበያውማ ሞቷል። ዝቅ ካላደረጉ የሚያይልዎም የለ።»
ሞቷል? ለኛ እሳት አልነበር? ትራስ አፌ ውስጥ ጎስሬ ሳቅኩ። አክስቴ «ነፍስ ይማር» ብላ ዘጋችበት።

ጥር 21
ብቻዬን ሄጄ የዚያን ቤት በር አንኳኳሁ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። ሚስታቸው ስለሞቱ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው።
«አባባ፣ ስንት ገዢ መጣ?»
«ገዢ? አንዲት ድመት ትመጣለች።»
ደላላው ያስማማቸውን ዋጋ ነገሩኝ። ለኛ ከጠራው ግማሽ ቢሆን ነው! ዝም ብል... በዚሁ ዋጋ እወስደው ነበር። ሰይጣኔ «ዝም በይ» አለኝ፤ አለኝ እንጂ! እሳቸው ግን ሚስታቸው የቀቡትን የጓዳ በር እየዳበሱ ያሳዩኛል። አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መጀመሪያ ተናደዱ። ቀጥሎ ዐይናቸው ብልጭ አለ። «ቅዳሜ ደላላውን ጥሪልኝ እስቲ» አሉ።

ጥር 25
«ቤቱን እንደገና አሳየን» ብለን እሳቱን ጠራነው። አባባ ጓዳ ተደብቀዋል፣ በዚያ ዕድሜ!
«ሻጩ ንቅንቅ አይሉም» አለ እሳቱ። «ትናንት እንኳ አንድ ሰው ጨምሮ...»
ጓዳው ተከፈተ። «ማነው እሱ? እኔንም አስተዋውቀኝ!»
ላብ በላብ ሆነ። «ገበያ እኮ... ይለዋወጣል» አለ። ባሌ ሳቁን ሊውጥ ሲል ትን አለው። መሐል ዋጋ ላይ ተስማማን። ባሌ ሳንቲም አይሰጠውም ብሎ ነበር፤ አባባ ግን የድካሙን ሰጡት። «ጫማው አልቋል» አሉ።

ግንቦት 2
ገባን። ወገቤ!

ሰኔ 9
ችግኝ በጎማ ውሃ ሳጠጣ፣ ወጣት ባልና ሚስት የጎረቤታችንን የሚሸጥ ቤት ቆመው ያያሉ። ልጅቷ «እትዬ፣ በዚህ ሰፈር ዋጋው ሊወርድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ።
አፌ ሳያማክረኝ «ኧረ በየት በኩል!» አለ። «እየጨመረ ነው እንጂ!»
ፊቷ ጠቆረ። ሄዱ። ምን ነካኝ? ባለቤት ከሆንኩ ገና ወሩ ነው... ጎማውን ይዤ ሮጥኩ። «ቆይ የኔ እህት! ስለ ዋጋው ምንም አላውቅም፤ ዝም ብዬ ነው። የቤቱ ባለቤት እቤት ናት፤ ራስሽ አንኳኪ። ደግሞ ተከራከሪ!»
ባሌ በመስኮት ብቅ ብሎ «ኮሚሽንሽ ስንት ነው?» አለኝ።
ጎማውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት።