ኮከባችሁ አይገጥምም ላልሽኝ አክስቴ

ይድረስ ለምሳሳልሽ አክስቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፤ ደስታ ሊገድለኝ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ የሚሳኤልን ስም ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርክ ተቆራረጠ እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ አይዘጋም።

እልል በይ! ማክሰኞ ዕለት የዶክትሬት ጥናቴን በፈታኞች ፊት አቅርቤ አለፍኩ።

ሰው ሲጠይቅሽ ኮከብ ትቆጥራለች ትያለሽ አሉ። እዚህም ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸዋረገድ የልጃቸውንና የእጮኛዋን ስም ከነእናቶቻቸው ስም ጽፈው መጥተው፣ ይገጥሙ እንደሆነ እይልኝ ብለውኛል። የኔ ሥራ ሌላ ነው። አዲስ የተወለደ ኮከብ ዙሪያውን እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሽከረከር ጋዝና አቧራ አለው፤ ፕላኔቶች የሚሠሩት ከዚያ ነው። ሌላ ወጣት ኮከብ ተጠግቶት ሲያልፍ ያ ሰፌድ ምን ይሆናል? መብራት እየጠፋብኝ አራት ዓመት በኮምፒውተር ያሰላሁት ይህን ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ መልሴ አንድ ነበር፤ ይበላሻል። ጠርዙ ይገፈፋል፣ ከአቧራውም ገሚሱ ካላፊው ኮከብ ጋር ይሄዳል። አንድ ቀን አማካሪዬ ዶክተር አምሐ፣ አላፊውን ሁልጊዜ ሰፌዱ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ የማሳልፈው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አፈርኩ። ከሚሳኤል ጋር ኮከባችሁ አይገጥምም፣ ብትጋቡ ትጠፋፋላችሁ ያልሽኝ ውስጤ ገብቶ፣ ጥፋት የሚያመጣውን መንገድ ብቻ እየመረጥኩ ነበር ለካ።

በተቃራኒው አቅጣጫ ባሳልፈው፣ ሰፌዱ ትንሽ ተናውጦ ደህና ቀረ! ጠርዙ የተገፈፈው ሰፌድም ቢሆን ለኮከቡ ቅርብ የሆነው ክፍሉ ይተርፋል፤ ፕላኔት ለመሥራት የሚበቃ አቧራ ይኖረዋል። አንዱ ፈታኝ ቆጣ ብለው ከግራ ከቀኝ ጠየቁኝ፤ አንዱንም አልሳትኩም። በመጨረሻ ተነሥተው ጨበጡኝ። ሚሳኤል የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አዎ፣ ያው ሚሳኤል ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አክስቴ፣ ኮከባችሁን መሪጌታ ማናዬ ዘንድ ሄጄ አስቆጠርኩ ያልሽኝ በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ነበር። ባለፈው መስከረም ልጠይቅሽ መጥቼ፣ አንቺ ገበያ ሳለሽ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መቃብራቸውን አየሁ። ድንጋዩ ላይ ያረፉት ኅዳር 2013 ይላል። ሌላ አልጽፍም። ተናድጄብሽ ነበር። ግን ያን ጊዜ ባገባ ኖሮ ትምህርቴን እተው እንደነበር እኔም አልክድም። ስመጣ ጉልበትሽን እስማለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌዎች ወዳንቺ ይመጣሉ። ውሻውን እሰሪላቸው። እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ መልሻቸው፤ በሦስተኛው ግን አደራሽን። ማንም ዘንድ ሄደሽ አታስቆጥሪ። አንቺ እሺ ካልሽ ይገጥማል።

እመቤቴ ሐና ማርያም ዕድሜ ከጤና ትስጥልኝ፤ የልጅ ልጅ አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ።

ያሳደግሽኝ የእህትሽ ልጅ