የገጽ ሠላሳ አንድ እርማት

እኔ አሳምነው ወልደ ኪዳን፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሚድ ሲቲ፣ ከፒኮ መንገድ ጀርባ ባለው አፓርታማዬ ሆኜ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 18 ቀን 2025፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስጻፍኩት ለወግ አይደለም፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን ደህና ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ቃል አላቀበለኝም። የምትጽፈው ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው የልጅ ልጄ ኤልዳና ናት። የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ ስላልኳት የሌላ ሰው ንግግርም ገብቶበታል፤ እንዳለ ይቆይ። ምስክሮቼ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላት ወይዘሮ ወሰንየለሽ እና ከእኔ ጋር በአንድ የመኪና ማቆሚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራው አቶ ዳኛቸው ናቸው።

ንብረቴ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ እጨርሰዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ንብረት ያልሆነው ነው።

አንደኛ። ካምሪ መኪናዬን ለልጄ ለሐና ሰጥቻለሁ። የኋላው የግራ መስኮት አይወርድም፤ አትታገይው። ሐና ዛሬ ሥራ ገብታ እዚህ የለችም፣ ስታነበው ግን ይህን ትወቅልኝ። ልጅ ሳለሽ ቅዳሜ ጠዋት የዋና ልብስሽን ለብሰሽ በር ላይ ትጠብቂኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስልክ ይዤ እቆም ነበር። እናትሽ ታደለች፣ ነፍሷን ይማርና፣ “ይሄ ሰውዬ ሚስቱ ስልኩ ናት” እያለች ቁልፉን ከእጄ ነጥቃ እሷ ትወስድሽ ነበር። ለማን እንደምደውል ስትጠይቂኝ አልነገርኩሽም። አሁን እነግርሻለሁ።

ሁለተኛ። የእንጨት ሳጥኔን ከነውስጡ ለኤልዳና ሰጥቻለሁ። በውስጡ ሰባት ቁጥር የተሰፋበት ቡናማና ነጭ ማሊያ፣ የአንድ ምዝገባ ፎርም ግልባጭና አንዲት ቀጭን መጽሔት አሉ። መጽሔቷ የአልደርሚር ታውን እግር ኳስ ክለብ የመቶ ዓመት ታሪክ ናት።

አልደርሚር በእንግሊዝ አገር ያለች የጡብ ፋብሪካ ከተማ ናት። ክለቡን በ1908 በፈረንጆች የመሠረቱት የጡብ ሠራተኞች ናቸው። ቴሌቪዥን ከሚያሳያቸው ሊጎች ሁሉ በታች የሚጫወት፣ ለተጫዋቹ ደመወዝ የማይከፍል ክለብ ነው፤ ሰው ጡብ ሲጭን ሰንብቶ ቅዳሜ ማሊያ ይለብሳል። የመጀመሪያው የግብ ቋሚ የተሠራው ጡብ ከሚደርቅበት መደርደሪያ እንጨት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜዳው ድንች ተተከለበት፤ እኔ ስደርስ እንኳ በግራ ክንፍ በኩል የትልሙ ምልክት ገና ከሣሩ ሥር ነበርና ኳስ እዚያ ስትደርስ ትነጥራለች። በ1953 ለአውራጃው ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰው በዝናብ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ለፍጻሜ አልደረሱም።

እዚህ ላይ ዳኛቸው፣ “አሳምነው በሞቴ፣ ታሪኩ ይሄ ነው? አንዴ ደርሰው ተሸነፉ? እኛ አርሰናሎች እንኳ ከዚህ እንሻላለን” አለ። ወሰንየለሽ፣ “ዝም በል፣ ኑዛዜ ላይ ነን” አለችው።

ታሪኩ ሚስተር ሬጅ ፕላት ናቸው። በሥራ ቀን ዳቦ በመኪና ያከፋፍላሉ፤ የቀረውን ጊዜ የክለቡ ጸሐፊ፣ የሣሩ አጫጅና የመስመሩ ቀቢ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አገለገሉ። እኔ የውሃ ፓምፕ ጥገና ልማር ሄጄ አገር ቤት ያለው ነገር ሲበላሽ እዚያው የቀረሁ ልጅ ነበርኩ። በኮሌጁ ቡድን ስጫወት አይተው በፈረንጆቹ 1980 ክረምት ወደ ሜዳቸው ወሰዱኝ። ሴት ልጃቸው ዶርካስ ሻይ በምትሸጥበት ጎጆ ውስጥ ፎርም ሰጡኝ። ያን ቀን ደስታዬ ለጉድ ነበር። የትውልድ ዘመን ከሚለው ፊት 1949 ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ዓመት ሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1957 እያልኩ ነበር የኖርኩት። ያን ቀን እጄ እናቴ ያስተማረችኝን ጻፈ። ሚስተር ሬጅ ሌሎች ተመዝጋቢዎች ተሰልፈው ስለሚጠብቋቸው ሳያዩ ፈረሙ።

በማርች ወር ሌላ ክለብ ከሰሰን። ኮሌጁ ያስመዘገበኝ በ1957 ስለነበር፣ ሊጉ አንድ ሰው በስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት የልደት ዘመኖች አሉት አለ። የተጫወትኩባቸው አራት ድሎች ተሰረዙ፤ በአንድ ነጥብ ጎድለን ወደ ታችኛው ሊግ ወረድን። ኮሚቴው በልብስ መቀየሪያው ክፍል ተሰበሰበ፤ እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ሊቀ መንበሩ ፎርሙን አንስቶ “ይህን ማን ሞላው?” አለ። ሚስተር ሬጅ ፎርሙን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያም “እኔ ነኝ የሞላሁት፤ ቁጥሩን ተሳስቼ ነው” አሉ።

እኔ ዝም አልኩ። በዚያ ሳምንት የመኖሪያ ፈቃዴ እየተመረመረ ነበር፤ ሁለት ልደት ያለው የውጭ ሰው ሆኜ ብገኝ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ታላቅ ወንድሜ አገር ቤት እስር ላይ ነበር። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ነጻ ግን አያወጣኝም። ሚስተር ሬጅን ከጸሐፊነታቸው አነሷቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ እንደ ማንኛውም ተመልካች ትኬት ቆርጠው ሲገቡ አየኋቸው፤ ኮፍያቸውን አነሱልኝ።

ወሰንየለሽ፣ “ጋሼ፣ እኛም እኮ ፎርም ላይ ስንቴ ተሳስተናል። የኔ ወንድም በወረቀቱ ከእናታችን የሚያንሰው በአራት ዓመት ነው” ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄ፣ “የወንድምሽን ግን ማንም አልተሸከመለትም” አልኳት።

በፈረንጆቹ 1983 ወደዚህ አገር መጣሁ። ሐና፣ ስልኩ ይህ ነበር፤ ጨዋታው እዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ ወደ ክለቡ ቤት እደውልና “ስንት ለስንት?” እላለሁ። “ማን ልበል?” ሲሉኝ “ደጋፊ” ብዬ እዘጋለሁ። በየቅዳሜው ዛሬ ስሜን እናገራለሁ እል ነበር። በ1994 አንድ ቅዳሜ አንዲት ሴት አነሳች። “ዛሬ ጨዋታ የለም፤ የድሮው ጸሐፊ አባቴ አርፈው አሁን ቀብረናቸው መመለሳችን ነው” አለችኝ። ዶርካስ ነበረች። “አመሰግናለሁ” ብዬ ዘጋሁ። አመሰግናለሁ ነው ያልኳት።

ሦስተኛ። በ2008 የታተመችውን መጽሔት በፖስታ አስመጣሁ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ “በ1981 ክለቡ በጸሐፊው ቸልተኝነት ነጥብ ተቀንሶበት ወረደ፤ ወደ ቀድሞ ደረጃውም አልተመለሰም” ይላል። ከሚስተር ሬጅ ሃያ ሁለት ዓመት የተረፈው ይህ አንድ መስመር ነው። ከዚህ ሁሉ ንብረቴ ይልቅ የምፈልገው ይህ መስመር እንዲታረም ነው።

ባለፈው ወር ለኤልዳና ስነግራት ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። “ኦኬ አባባ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ ኢሜይል አደርግላቸዋለሁ፣ ዛሬውኑ ፊክስ ይደረጋል።” ኢሜይሉ ሳይደርስ ተመለሰ። ክለቡ ባለፈው ዓመት ፈርሷል፤ ሜዳውም ቀደም ብሎ ተሽጦ ቤት ተሠርቶበታል። ሊጉንም ጠየቀች፤ የዚያን ዘመን ፋይል የለንም አሉ። ለዶርካስ በድሮው አድራሻ የጻፈችው ደብዳቤ ትናንት ተመለሰ፤ እዚህ የሚኖር እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ተጽፎበታል። ኤልዳና አሁንም እየጻፈች፣ “ሶ፣ ሌላ መንገድ አገኛለሁ” ትላለች። እኔ መንገድ አይታየኝም። ይቅርታ የሚቀበል ሰው፣ እርማት የሚያስገባ ክለብ፣ ቆሜ የምናገርበት ሜዳ የለም።

ስለዚህ የምችለውን አዝዣለሁ። መጽሔቷን አምጡልኝ ብዬ፣ ምስክሮቼ እያዩ መስመሩን በእጄ ሰርዤ ከጎኑ “ፎርሙን የሞላሁት እኔ አሳምነው ነኝ” ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ አያምርም፤ ኤልዳና ላስተካክልልህ ብትለኝ ከለከልኳት። የታተሙት ሁለት መቶ ነበሩ። ይህች አንዷ ናት። የቀሩት ያው እንዳሉ ናቸው።

አራተኛ። ማሊያው ዶርካስ ከተገኘች የእሷ ነው። ኤልዳናን አምስት ዓመት ፈልጊያት፣ ከዚያ ተዪው፣ ዕድሜሽን አትጨርሺበት ብዬ መከርኳት። “አልተወውም” አለች። ምክሬንም መልሷንም ጻፊ አልኳት፤ ጽፋለች።

ሌላ የምሰጠው የለኝም። ይህ ወረቀት አማርኛ በማይነበብበት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይቀመጥ ይሆናል። ቢሆንም ፈርሜበታለሁ።

አሳምነው ወልደ ኪዳን (ፊርማ)
የተወለድኩት ሚያዝያ 1949 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 1957።

የምስክሮች ቃል፦ አቶ አሳምነው ከላይ ያለውን ሁሉ በራሱ አፍ ሲናገር ሰምተናል፤ ሲፈርምም አይተናል። ኑዛዜው ሲነበብልን ስለ ሚስተር ሬጅ ፕላትም መስክሩልኝ ብሎ ለመነን። ሰውየውን አናውቃቸውም፤ አገራቸውንም ሜዳቸውንም አላየንም። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልነበረ ግን እኛ ምስክሮች ነን።

ወሰንየለሽ ገብረ ሕይወት (ፊርማ)
ዳኛቸው ይመር (ፊርማ)