ጋኖቻችንን ለተመኑልን መምህር

ለክቡር ፕሮፌሰር ሹ ጂን-ዩዋን
የኩባንያ ፋይናንስ መምህር፣ ታይቹንግ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የወገብዎ ሕመም ቀለል ብሎልዎት፣ ወይዘሮ ባለቤትዎም ደህና ሆነው፣ ይህ ደብዳቤ ደህና ወንበር ላይ ተደላድለው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቀድሞ ተማሪዎ ሊያው ፔይ-ሹ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሺሉኦ በአውቶቡስ እየመጣች ከኋላ የምትቀመጠው፣ ልብሷ ሶስ ሶስ ይሸታል እየተባለ ይቀለድባት የነበረችው ጎልማሳ።

ትምህርት ቤቱ በእርስዎ ፊርማ በላከልኝ ደብዳቤ፣ የአባቴን የአኩሪ አተር ሶስ መሥሪያ «በጊዜው የተደረገ ብልህ ሽያጭ» በሚል ርእስ ለአዲሶቹ የማስተርስ ተማሪዎች ማስተማሪያ ሊያደርገው ፈቃዴን ጠይቋል። እንዲህ ያለው ክብር ጓዳ ውስጥ ብቻዬን የምደሰትበት ስላልሆነ፣ መልሴን በጋዜጣ ማውጣት መረጥኩ።

ወደ እርስዎ የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ፈልጌ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። አያቴ የጀመረው፣ አባቴም ዕድሜውን የጨረሰበት መሥሪያ እንዳይዘጋ ነበር። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በጥቂት ቀን የሚደርስ ርካሽ ሶስ እያወጡ ገበያውን ሲወስዱብን፣ አባቴ ሊያው ቲየን-ዋንግ «ሂጂና ተማሪ፤ እነሱ አንድ መላ አያጡም» አለኝ። እነሱ ያለው እርስዎን ነው። መላውን ስላላጡ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ያለፈ ወጪ በሒሳብ ውስጥ እንደማይገባ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ የአባቴ የጎበጠ ጀርባ የሆነ ቦታ የሚቆጠር ይመስለኝ ነበር፤ አላዋቂ ነበርኩ።

ሁለተኛ፦ ነገ የሚገኝ ገንዘብ ዛሬ ከተገኘው እንደሚያንስ፣ እየራቀ በሄደ ቁጥርም እያነሰ እያነሰ እንደሚሄድ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። አባቴ ቅዳሜ ማታ እራት ሳይበላ ይጠብቀኝና «እህ፣ ዛሬስ ምን አሏችሁ?» ይለኝ ነበር። ይህን ስነግረው ሳቀ። «እኛ ጋ እኮ ተገላቢጦሽ ነው! ሶሱ በጋኑ ውስጥ ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር አይደል እንዴ የሚጣፍጠው? በይ እስቲ መምህርሽን ጠይቂልኝ» አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠየቅሁዎ፤ እርስዎም ፈገግ ብለው «የአባትሽ ጋን ወለድ አይከፍልም» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ አባቴ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ፣ መምህሩ ጥያቄውን ወደውታል አልኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ።

ሦስተኛ፦ የመመረቂያ ሥራችን የአንድ እውነተኛ ድርጅት ዋጋ ማውጣት ነው ሲሉ፣ እኔ የእኛን ይዤ መጣሁ፤ ድክመቱን ካገኘሁት እጠግነዋለሁ ብዬ ነበር። ሒሳቡ ሲያልቅ ግን ጋኖቹ የተቀመጡበት መሬት፣ ጋኖቹ ወደፊት ሊያወጡ ከሚችሉት ሶስ ሁሉ በልጦ ተገኘ። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ አልካድኩም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሶሳችንን በትንሹ እየሠራን፣ ለታይፔ ምግብ ቤቶች በውድ እየሸጥን መቆየት እንደምንችል ጻፍኩ፤ ሦስት ምግብ ቤቶችም እሺ ብለውኝ ነበር። እርስዎ ገጹን በቀይ ሰርዘው «ስሜት ዋጋ አይደለም» ብለው ጻፉበት፤ ለቀረው ደግሞ ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ሰጡኝ። ሥራችንን ባቀረብንበት ቀን ከኋላ ተቀምጦ ገጾቹን በስልኩ ፎቶ ያነሳ የነበረውን ዝምተኛ ሰውዬ «ወዳጄ ነው» ብለው አስተዋወቁን። ወዳጅዎ የሪል ስቴት ድርጅት ባለቤት መሆኑን፣ እርስዎም የዚያው ድርጅት ተከፋይ አማካሪ መሆንዎን ያወቅሁት መሬቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ሳይነግሩን የቀሩት ጊዜ አጥሮዎት መሆን አለበት፤ የትምህርቱ ሰዓት እኮ በጣም አጭር ነው።

አራተኛ፦ እኛን ድሆቹን ሳይንቁ ለሠራተኞቻችን በምናደርገው የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ላይ በእግርዎ ስለመጡ አመሰግናለሁ። በዚያን ጊዜ ወዳጅዎ ለአጎቶቼ ዋጋ አቅርቦላቸው፣ ልባቸው ወደ መሸጡ አዘንብሎ ነበር፤ በመሬቱ ላይ ያላቸው ድርሻም ተደምሮ ከአባቴ ስለሚበልጥ ውሳኔው የእነሱ ነበር። አባቴ ግን መምህር ቤቴ መጣ ብሎ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ የክብሩን ወንበር ለቀቀልዎ። የዚህ አገር ልጅ ስለሆኑ በዚህ ግብዣ ላይ ስለሚቀርበው ከነራሱ የተቀቀለ ዶሮ አላስረዳዎትም፤ ምናልባት ከመጽሐፍ ብዛት ረስተውት ከሆነ ግን፣ ምንቃሩ ያመለከተው ሠራተኛ ከአዲስ ዓመት በዓል በኋላ ወደ ሥራ እንዳይመጣ ተነገረው ማለት ነው። አባቴ ሰው በሰላም እንዲበላ ሁልጊዜ ምንቃሩን ወደ ራሱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እርስዎ ሽሪምፑ ራቀብዎና ምግቡ የተደረደረበትን የሚሽከረከር ጠረጴዛ በአንድ ጣትዎ ገፋ አደረጉት። የዶሮው ምንቃር ዞሮ ዞሮ አጎት ቹን ላይ ቆመ።

አጎት የምንለው በአክብሮት ነው እንጂ፣ ቹን ከልጅነቱ ጀምሮ የጋኖቹን ክዳን ጠዋት የሚከፍት፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ የሚዘጋ ሠራተኛችን ነው። በሌላ ዓመት ቢሆን ተሳስቀን እናልፈው ነበር። የመሸጡ ወሬ በተሰማበት በዚያ ዓመት ግን ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ቾፕስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ አባቴ ዞሮ «ይሁን እንግዲህ፣ ጌታዬ፤ እኔም ደክሞኛል» አለ። እርስዎ ሽሪምፕ እየላጡ ነበር።

አባቴ ተነሣ። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ምንቃሩ ወደ ራሱ እስኪመለከት ድረስ አዞረው። «ቹን፣ ብላ። የሚሄደው እኔ ነኝ» አለው። ወዲያው ደግሞ ሽሪምፑን አንስቶ ለእርስዎ አቀረበልዎ። በማግስቱ የሠራተኞቹ ካሳ ከሁሉ በፊት እንዲከፈል ብቻ ጠይቆ የሽያጩን ውል ፈረመ። እኔ የዚያን ቀን አለቀስኩ፤ ይህን በማስተማሪያው ውስጥ ማስገባት የለብዎትም።

አምስተኛ፦ በጋኖቹ ቦታ ላይ በተሠራው ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ለአባቴ አፓርታማ ስለደረሰው አመሰግናለሁ። አሳንሰር አለው። ጠዋት በረንዳው ላይ ይወጣና ሰማዩን ያያል። ጥሩ ፀሐይ በወጣ ቀን «ዛሬ ደህና ፀሐይ ነው» ይላል፤ ከዚያም ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባውና ተመልሶ ይገባል። ደመና ሲሆን ይሻለዋል።

ክቡር ፕሮፌሰር፣ የጠየቁኝን ፈቃድ ሰጥቻለሁ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ስለሆኑ የምከለክልበት ምክንያት የለኝም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከርእሱ ሥር፣ በዚያን ወቅት ደመወዝ ይከፍልዎ የነበረው ማን እንደሆነ በአንድ መስመር እንዲጽፉልኝ ብቻ እለምናለሁ። ተማሪዎችዎ ከቀረው ይልቅ ከዚያች መስመር የበለጠ ይማራሉ ብዬ አምናለሁ።

ዕውቀትዎ አይጉደል፣ ወገብዎ ይዳን፣ ወዳጆችዎም ይብዙልዎ እያልኩ፣ ከፍተኛውን ውጤት የሰጡኝና ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ የት እንደማስቀምጠው ያላወቅሁ ታዛዥ ተማሪዎ፣

ሊያው ፔይ-ሹ
ሺሉኦ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአባቴ አነበብኩለት። ተቆጣኝ። «መምህር እንዲህ ተብሎ አይጻፍለትም፤ ስለ እኔ ብለው ይቅር ይበሏት በይልኝ» አለኝ። እነሆ ብያለሁ። በዚህ ነገር ውስጥ እስካሁን ይቅርታ የጠየቀ ሰው እሱ ብቻ ነው።