አያ አለበልን ያጫወተችው ተማሪ

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ላቀው፣ አዲስ አበባ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ትንፋሽዎ ቀለል አለልዎ ወይ? የእግርዎ እብጠትስ ጎደለ? ወይስ አሁንም ትራስ ተደግፈው ነው የሚያነጉት? እኔ ናፍቆትዎ አንጀቴን ከመብላቱ በቀር ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ይኸው መምጣት ተስኖኝ ቀረሁ።

ሰሞኑን የነርስ ተማሪዎቼን ለልምምድ ይዤ ሆስፒታል ገብቻለሁ። አያ አለበል የሚባሉ የቡሬ ገጠር ገበሬ እንደ እርስዎ ልባቸውን ታመው ተኝተው ነበር። ዮርዳኖስ የምትባል ተማሪዬ ስማቸውን እንኳ ሳትጠይቅ ጋቢያቸውን ገልጣ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፈች። ሌሎቹ ከበው በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ገበያ እንደ ወጣ ሙክት ምነው አገላበጣችሁኝ? ገና አልሞትሁም እኮ!» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አባባ፣ ያን ጊዜ የታዩኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎም እዚያ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ስምዎን በማያውቁ ልጆች ተከበው ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ሌሎቹን አስወጥቼ ዮርዳኖስን፣ «ተቀመጪና አጫውቻቸው» አልኋት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሬዎቹን ለማን ትተው መጡ?» አለቻቸው።

በሬ ሲነሣ አያ አለበል ዞሩ። ስለ ማሳው፣ ዳገት ሲወጡ ስለሚያንቃቸው ሁሉ አወጓት። ለሐኪሙ የደበቁትንም ነገሯት፤ ለካ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ኪኒናቸውን ትተው ኖሯል! ሐኪሙ ይህን ከእሷ ሰምቶ የመዋጫውን ሰዓት ከጾማቸው ጋር አስማማላቸው። እርሳቸውም «በይ አሁን ስሚው» ብለው ጋቢያቸውን በእጃቸው ገለጡላት።

ተሽሏቸው በእግራቸው ሄደው ከሆስፒታሉ ወጡ። ሊወጡ ሲሉ «አባት አለሽ?» አሉኝ። ርቀው እንዳሉ ስነግራቸው መዳፋቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ተማሪዎቼ ፊት አለቀስሁ።

እርስዎም ኪኒናውን በጾም ሰበብ ትተው እንደሆነ አይደብቁ፣ በእመቤቴ! ተማሪዎች ሲከቡዎት አይቆጡ፤ ስምዎን ይንገሯቸው። አንዷ እጅዎን ስትይዝ፣ እኔ ሥርጉት የያዝሁዎት ያህል ይቁጠሩልኝ።

ወንድሜን ወንዳወቅን፣ ባለቤቱን አምለሰትን፣ ትንሿን ሠርክአዲስን ይሳሙልኝ። እናቴ አስካለ ማርያም «ቶሎ ድኖ ይምጣልኝ» ትላለች።

ናፋቂ ልጅዎ ሥርጉት
ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.