ባሕሩ እንዴት ዋለ

እሑድ

ዐርብም እናቴ በስልክ አልተገኘችም። አምስተኛው ዐርብ መሆኑ ነው። ወንድሜ ደሴ ከጎንደር «ኔትወርክ የለም፣ የእናታችን ስልክም ተበላሽቷል» ይላል። የሱ ስልክ ግን ይሠራል። ይህን ስለው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

በየዐርቡ ከሥራ ስወጣ ባሕሩ ዳር፣ የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እደውልላታለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እሷ ወደዚህ አገር የመግቢያ ፈቃድ ስትጠብቅ፣ እኔ እሷን ስጠብቅ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ባሕሩ እንዴት ዋለ?» ብላ ነው። ከዚያ መርከቦቹን ታስቆጥረኛለች። ጤናዬ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም እዋሻታለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ ጸጥ ብሏል እላለሁ። እውነቱን ልጻፍና፣ ከጎንደር ስመጣ ይችን ከተማ፣ አሽዶድን፣ ጠልቻት ነበር። እርጥበቷን፣ የወደቡን ሽታ፣ ሰው ሰላም ሳይል ማለፉን። ለእናቴ የምነግራት ጥሩ ነገር ስፈልግ ነው ቀስ በቀስ ዓይኔ የተከፈተው።

ልጄ ሲጋል ዛሬ ከሬሆቮት ሦስት ጊዜ ደወለች። ምንም ሳትፈልግ። «አያትሽን አገኘሻት?» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ማክሰኞ

የሐሞት ከረጢቴን በኦፕራሲዮን ካወጡልኝ ወዲህ ሥራ ከገባሁ ሁለተኛ ቀኔ። ካፌው ውስጥ ብርጭቆ ብቻ ነው የማጥበው፣ ባልዲ አታንሺ ተብያለሁ።

ስመለስ ሮቫ አሌፍ የሚባለው ሰፈር ፌርማታ ላይ አባ ታከለን አገኘኋቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ባዩኝ ቁጥር «እናትሽ ደኅና ናት? ፈቃዱ አልመጣም?» ይሉኛል። ዛሬ አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው ቆዩና «ቁስልሽ ደረቀ?» አሉኝ ብቻ። አውቶቡሳቸው መጣ፤ አልተሳፈሩም።

አወቅሁ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክም በመንገድም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በር ያንኳኳል። እስከዚያ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ሐዘኑ የሚመለከተው ሰው ብቻ አያውቅም። እኔም ለሌላው ስንት ጊዜ ደብቄያለሁ። ፊቴ ላይ ምንም አይታይም ነበር፣ በዚህ እኮራ ነበር።

አልጠየቅኋቸውም። ካልተነገረኝ አልሞተችም ብዬ ነው። ሞኝነት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።

ቤት ገብቼ የእናቴን አልጋ አየሁት። ከገዛሁላት ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የፍራሹ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። እኔ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው።

ሐሙስ

ማለዳ ተንኳኳ። ለብሼ እየጠበቅኋቸው ነበር።

አባ ታከለ ከፊት፣ ሲጋል ከኋላቸው፣ ዓይኗ አብጦ። «ልጄ፣ እናትሽ ካረፈች ሠላሳ አራት ቀኗ ነው» አሉኝ። ቁስሏ ይድረቅ ብለው ደበቁኝ፣ ሲደርቅ ደግሞ በመሐል የገባው በዓል ይለፍላት ብለው ደበቁኝ። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ስሟን እየጠራሁ ጮኼ አለቀስኩ፣ የተሰፋው ሆዴ እስኪያመኝ።

ከዚያ ሲጋል የሰባቱን ቀን ሐዘን እንድንቀመጥ የአይሁድ ሃይማኖት መምህሩን፣ ራቢውን፣ ደውላ ጠየቀች። ወሬው ከሠላሳ ቀን በኋላ ለደረሰው ሰው ሐዘኑ አንድ ሰዓት ብቻ ነው አሏት። ማናቸውም ይህን አላሰቡትም። «እኛ አገር ከሰሙበት ቀን ነበር የሚቆጠረው» አሉ አባ ታከለ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ቆጠርኩት። ሠላሳኛው ቀን እሑድ ነበር። አፌን ከፍቼ የተውኩባት እሑድ። ብጠይቅ ኖሮ ሰባት ቀን አገኝላት ነበር።

እንደ ሐዘንተኛ መሬት ተቀመጥኩ። ሲጋል ሰዓት እያየች ታለቅሳለች። ሲሞላ «ኢማ፣ ተነሺ» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ «እማዬ» ማለቷ ነው። «እናንተ ሠላሳ አራት ቀን አለቀሳችኋት፣ ለእኔ አንድ ሰዓት?» አልኳት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ራሼል መጣች። ከሞሮኮ የመጣች አሮጊት ናት፤ ምንጣፍ በረንዳዬ ላይ እያራገፈችብኝ ሃያ ዓመት ተጣልተናል። የተቀቀለ ዕንቁላልና ዳቦ ይዛለች፤ ለሐዘንተኛ የመጀመሪያውን ምግብ ጎረቤት ነው የሚያመጣው። «ለምን ሶፋ ላይ ተቀመጥሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ሕግ ሕግ ነው። ነገ ግን ሻይ ልጠጣ እመጣለሁ። ሻይ የከለከለ የለም» አለች።

እሑድ

ሻይ። መርዶውን ከሰማሁ አራተኛ ቀኔ። እስካሁን የመጡት፦ ራሼል በየቀኑ፣ ትናንት ከእህቷ ጋር። ከሦስተኛ ፎቅ ሩሲያዊው ሰውዬ፣ የራሱን ወንበር ተሸክሞ፤ ብርጭቆዎቹን አጥቦልኝ ሄደ። የካፌያችን ወጥ ሠሪ፣ ዓሣ ይዞ። አባ ታከለ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ «እኛም ለሻይ ነው» እያሉ። ለቅሶ ብሎ የጠራው ሰው የለም። እኔ ስለ እናቴ ባወራሁ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ ሰዓት የሚያይም የለም።

ለራሼል አንድ ነገር ነገርኳት። እናቴ ታውቅሽ ነበር አልኳት። ዐርብ ዐርብ «ያቺ ምንጣፍ የምታራግፍብሽ ሴት ደኅና ናት?» ትለኝ ነበር። ራሼል ሳቀች። ከዚያ ሻዩን አስቀምጣ አለቀሰች።

ረቡዕ

ሰባተኛው ቀን። ራሼል ክንዴን ይዛ ሕንፃውን አንድ ጊዜ ዞርን፣ ሰባቱን የጨረሰ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው። «ሻዩ እንዲወርድልሽ ነው» አለችኝ።

ሲጋል ደግሞ ጠቅልለሽ ወደ እኛ ነይ አለችኝ፤ ክፍል አዘጋጅታለች። «እዚህ አሁን ማንን ትጠብቂያለሽ?» አለች። በክፋት አይደለም። ግን አንጀቴን ቆረጠችው። እውነቷን ነው፤ ሃያ ዓመት እናቴ እስክትመጣ እያልኩ ነው የኖርኩት። እስከ ዐርብ ላስብበት አልኳት።

ዐርብ

ከሥራ ወጥቼ እግሬ ወደ አግዳሚው ወሰደኝ። ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። የምደውልለት ሰው የለኝም። ባሕሩ ያስጠላል፤ ቡናማ ሆኗል፣ ንፋሱ አሸዋ ይበትናል፣ ፌስታል ይንሳፈፋል።

ስልኬ ጠራ። ሲጋል ናት። ዐርብ በዚህ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም፤ የአያቷ ሰዓት መሆኑን ታውቃለች።  በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ኢማ፣ ባሕሩ እንዴት ዋለ?» አለችኝ።

  ለእናቴ አንድም ቀን ያልነገርኳትን እውነቱን ነገርኳት። ቆሽሿል፣ ይሸታል አልኳት።

«ታዲያ ምኑን ወደድሽው?»

«እንጃ» አልኳት። «ግን ወደ እናንተ አልመጣም።»

አልተከራከረችኝም። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማኋት። «መርከቦቹስ?» አለችኝ።

ተነሥቼ ቆጠርኩላት። አራት ናቸው፣ ለመግባት ተራ ይጠብቃሉ።