ከበሮው እስኪፈቀድ

ሰኞ፣ ሜይ 12

ጠዋት ዘነበ። ጎረቤቴ ዴዴ ለገበያ ዓሣ የምታጥንበትን ምድጃ ዘግይታ አቀጣጠለች፤ ጢሱ ሁሉ ወደ እኔ መስኮት።

ስልኬ ዛሬም ያንኑ ጠየቀኝ። የብራውዘሩ አፕዴት መጥቷል፣ ይጫን ወይ? እምቢ አልኩ። ባለፈው ወር እርማት፣ በዚህ ወር እርማት... ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ነው የጨረስኩት። እንዲህ እርማት የሚበዛበት ጽሑፍ ቢመጣልኝ ለባለቤቱ መልሼ እሰድለት ነበር። ሠሪዎቹ አያፍሩም?

ይህንኑ ለልጅ ልጄ ለላሚሌይ ነገርኳት። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ አላለችም።

«እማማ፣ እባክሽ ጫኚው።»

ሾርባዋ እንደ ቀረበ ቀዘቀዘ።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

የባህላዊው እምነት ካህናት የበዓሉን በቆሎ ዘርተው ጨረሱ፤ የከበሮው እገዳ ጀመረ። እስኪፈቀድ ድረስ በሰፈራችን በጄምስታውን ከበሮ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ቤተ ክርስቲያናችንም በባዶ ድምፅ ሊዘምር ነው። ዘሩ በጸጥታ ይብቀል ነው ነገሩ።

ታናሽ ወንድሜ አይኩዌይ እንደ ልማዱ አጉረመረመ። «በቆሎ ጆሮ አለው እንዴ?»

በትምህርት ቤታችን ይህን «አጉል እምነት» ብለው ነው ያስተማሩን። እኔም ዝም የምለው ከጎረቤት ላለመጣላት ነው።

ዓርብ፣ ሜይ 16



ላሚሌይ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ። ብራውዘሩ ውስጥ ቀዳዳ አግኝታለች። ሰው አንድ መጥፎ ገጽ ከከፈተ፣ ያ ገጽ በሌላው ገጽ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ያነባል። አላመንኩም። ለሙከራ የሠራችውን መጥፎ ገጽ ስልኬ ላይ ከፈተች፤ አጠገቡም ሌላ ገጽ ከፈተችልኝ። «በዚህኛው ላይ የይለፍ ቃል ነው ብለሽ የፈለግሽውን ጻፊ» አለችኝ። ዞር ብዬ፣ እንደ ፈተና ወረቀት በእጄ ከልዬ፣ የባሌን ስም ጻፍኩ። ኔቴይ። ነፍሱን ይማረው።

በእሷ ኮምፒውተር ላይ ፊደል በፊደል ወጣ።

«ስንት ሰው ነው በዚህ ብራውዘር የሚጠቀም?»

«ኧረ እማማ... ምድር ሙሉ።»

«ዴዴስ?»

«ዴዴም።»

ዴዴ የዓሣዋን ገንዘብ ሁሉ ስልኳ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ተነሣሁ። «አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ።»

እጄን ይዛ አስቀረችኝ። «ዴዴ ካወቀች ገበያው አወቀ። ገበያው ካወቀ ሌባ አወቀ። ለሠሪዎቹ ጽፌያለሁ። ደርሶናል፣ እስክንደፍነው ለማንም አትንገሪ ብለውኛል።»

«ሌባ ቀድሞ ቢያገኘውስ?»



ሰኞ፣ ሜይ 19

ዛሬ ሳላውቅ የሳቅሁበትን ነገር አየሁ። ላሚሌይ የብራውዘሩን ሠሪዎች የእስከ ዛሬ እርማቶች አሳየችኝ። አንዱ ቀዳዳ፣ ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበር፣ አጠገቡም ያገኘው ሰው ስም። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከየት ከየት የመጡ ስሞች ናቸው! ግማሹን እንዴት እንደሚጠሩ እንኳ አላውቅም። «ስሜ አይጠቀስ» ያሉም አሉ።

እኛ ስህተታችንን መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ነበር የምናትመው፤ ማንም ባያየው ደስታችን ነው። የአራሚ ስም ደግሞ የትም የለም። እነዚህ ግን ጉድለታቸውን አደባባይ አውጥተው፣ ላሳያቸው ሰው «እናመሰግናለን» ይላሉ። ማን አስተማራቸው?

በማያውቁት አገር፣ የማያውቁትን ሰው በር የሚፈትሹ ሰዎች አሉ ማለት ነው። እስከ ዛሬ የእኔንም በር...

እሑድ፣ ሜይ 25

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘመድ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ጉዳዩ ላሚሌይ።

«ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ተፋጣ ትውላለች» አለ አይኩዌይ። «ምን ሠራች? አንድ ነገር አሳዩኝ!»

«ተምራ ተምራ ኮምፒውተር አገባች» አለች የአጎቴ ልጅ ዴይ፤ ማኮላ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላት። ሁሉም ሳቀ። «ለእኔ ስጡኝ፣ ጨርቅ መለካት ላስተምራት።»

ላሚሌይ አየችኝ። አየኋት። ስህተት ፊቴ ሲነገር ዝም ብዬ አላውቅም፤ ቄሱን እንኳ ስብከት ላይ አርሜያለሁ። ዛሬ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያ ቃል ከእኔ ቤት ወጥቶ ስንት ጆሮ ይደርስ ነበር?

«እትዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ አይኩዌይ።

«የበቆሎው ኬንኬ እየቀዘቀዘ ነው። ብሉ።»

ስለዚህ ተወሰነ። እገዳው እንደ ተነሣ ወደ ዴይ ሱቅ ትሄዳለች። ሥራዋን የሚያሳይ ነገር ካላመጣች በቀር።

እነሱ ሲሄዱ አለቀሰች። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ያላየሁ መሰልኩ።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

ዴዴ ስልኳን በዓሣ እጇ ይዛ ትስቃለች። አፍጥጬ ኖሮ፣ «እማማ፣ ምነው ስልኬን እንደ እባብ ያዩታል?» አለችኝ።

«ዓይኔ ነው ልጄ» አልኩ።

ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከተማው ጭጭ። የባሕሩ ድምፅ ብቻ። በዚህ ጸጥታ ውስጥ ከአፈር በታች በቆሎው ሥር እየሰደደ ነው። ሩቅ አገርም የማላውቃቸው ሰዎች ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን እየደፈኑ ነው። የእነሱም ሥራ ዝም ካልተባለ አይበቅልም። አስተማሪዎቼ ይህን አልነገሩኝም... ያውቁት ነበር ይሆን?

ሐሙስ፣ ጁን 5

እርማቱ አሁንም የለም። ላሚሌይ ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራለች።

ረቡዕ፣ ጁን 11

መጣ!

ስልኬ ጠየቀኝ። ይጫን ወይ? መነጽሬን ፈልጌ፣ ቆሜ ተጫንኩት። ተቀምጦ የሚደረግ አልመሰለኝም። ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ጠፋች። ይኸው ነው?

«እንደገና ሞክሪ» አለች ላሚሌይ። ሁለቱንም ገጾች ከፍቼ ኔቴይ ብዬ ጻፍኩ። ወደ ኮምፒውተሯ አየን። ባዶ። ጠበቅን። ባዶ። ስሙ ከእኔ ጋር ቀረ።

እንዲህ ያለ በር በምድር ላይ ሲዘጋ ኮሽ አይልም? ዴዴ ውጭ ዓሣ እያገላበጠች ነበር።

ከዚያ ስለ እርማቱ የወጣውን ጽሑፍ አነበብን። ስሟ አለ። ላሚሌይ፣ ከነአባቷ ስም፣ በሁለት ሰዎች ስም መካከል። አንዱ ከየት እንደሆነ አናውቅም፤ ሌላው ስሙን አልሰጠም። ጮክ ብዬ ሦስቱንም አነበብኩ። ስም ላልሰጠው ትንሽ ዝም አልኩለት።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ከጠዋት ጀምሮ በግቢው እየዞርኩ ስልክ ስሰበስብ ዋልኩ። ዴዴ አስቸገረች።

«እማማ፣ ዳታዬን ይበላብኛል!»

«በእኔ ይበላ። አምጪው።»

«በቀደም እርስዎ አልነበሩ እንዴ አፕዴትን የሚሰድቡት?»

«ነበርኩ። ተሳስቼ ነበር። አምጪው።»

ግቢው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

አይኩዌይ መጣ። «ሻንጣዋ የታለ? ዴይ እየጠበቀች ነው።»

«መጀመሪያ ስልክህን።» ሰጠኝ፤ ጫንኩለት። ከዚያ ጽሑፉን ከፍቼ በሰው ሁሉ ፊት አስነበብኩት። ባለፈው ያላረምኩትን ዛሬ አረምኩ። ምድር ሙሉ ሰው የሚጠቀምበት በር ክፍት እንደ ነበር፣ ያገኘችው ማን እንደሆነች፣ ስንሰድባት ለምን ዝም እንዳለች። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አነበበ።

«ይቺ... የእኛዋ ናት?»

«የእኛዋ ናት።»

«ለዴይ እኔ እነግራታለሁ» አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «የሚስቴንም ስልክ ላምጣው?»

ያን ጊዜ ከወደ ሰፈራችን ባህላዊ ንጉሥ ግቢ የመጀመሪያው ከበሮ ተመታ። እገዳው ተነሣ። ዴዴ የዓሣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጨፈረች፤ አይኩዌይም ሳያጉረመርም ትከሻውን ነቀነቀ።

ላሚሌይ ውጭ አልነበረችም። ሾርባዋን ይዤ ገባሁ። ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብላለች። በቆየ ልማዴ «ይቀዘቅዛል» ልል ነበር።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አሁን የምትፈትሺው የትኛውን በር ነው?» አልኳት። «እስቲ ለእኔም አሳዪኝ።»