ጀማል ያሸኝ ቀን

ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.፣ አሰበ ተፈሪ

ባሌ ጀማል ዛሬ ቡና ጭኖ ከመቻራ ገባ። ያ መንገድ ወገቡን ሲሰብረው ነው የሚውለው። ሁልጊዜ እንደገባ ይታጠብና በሆዱ ይተኛል፣ እኔ የሰሊጥ ዘይት ለብ አድርጌ ጀርባውን አሸዋለሁ። ዛሬ ግን ዘይቱን ከእጄ ወሰደና "አንቺ ተኚ" አለኝ።

"ምነው፣ ምን አጥፍተህ ነው?" ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። የመንግሥት ሰዎች መኪናውን ለኮንቮይ ፈልገውታል። ነገ ጠዋት ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የነገረው የለም።

ተኛሁ። ጀማል ማሸት አይችልም። ትከሻዬን የያዘው የጎማ ብሎን እንደሚያጠብቅ ነው። አንዴማ ትራሱን ነከስኩ። እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ "ይሄ የምታነሺው የስኳር ጆንያ ነው" ይላል፤ ወገቤ ላይ ሲደርስ ደግሞ "ይሄ ሱቅ ቆመሽ የምትውይው ነው" ይላል። እኔ እኮ ልብ ብሎ የሚያየኝ አይመስለኝም ነበር።

ሲጨርስ "ቀለለሽ?" አለኝ።

"በጣም።"

"እስቲ ወላሂ በይ።"

በውሸት መማል ፈራሁ። ያንን ሻካራ መዳፉን ሳምኩት።

አሁን ውጭ ሆኖ የመኪናውን ሸራ ሲያስር ይሰማኛል። ቀኝ ትከሻዬን ይጠዘጥዘኛል፣ ብዕሩን እንኳ በደንብ መያዝ አቃተኝ። ዘይቱ ትንሽ ተርፏል፤ ብቀባው ይሻለኝ ነበር። አልቀባም። ሕመሙ እሱ እስኪመለስ ባይለቀኝ ምናለ።